የናሪን ሻሽ

አንዲትን ሴት ከእንጀራዋ ለማፈናቀል ብዙ መናገር አያስፈልግም። እኔ የተናገርኩት ሁለት ቃል ነው፤ «አረንጓዴ ሻሽ»። ዋሽቼም አልነበረም። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ እገላገለው ነበር።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። መርካቶ ውስጥ፣ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ክርና ዚፕ እሸጣለሁ። ሱቄ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ይፈራል፤ እኔም መምህሩ ከአፉ ያወጣውን ሁሉ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን የጂኦግራፊ ደብተሬን አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ዓባይ ከጣና ሐይቅ ይነሳል፣ አንቺ ጥግ ያለሽው መስኮቱን ዝጊው፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ይፈሳል።» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። ጆሮዬ ይሰማል፣ እጄ ይጽፋል፣ ልቤ ሁልጊዜ አብሯቸው አይደለም።

በመደዳችን «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ተረብ ነው። ወሬ አላበዛም። ገበያ ሲቀዘቅዝ መጽሐፍ አነባለሁ። ያን ሰሞን ግን መጽሐፉን ያስተወኝ ድራማ መጣ፤ «የዝናብ ቤት» ይባላል፣ በአማርኛ ተተርጉሞ ረቡዕ ረቡዕ የሚታይ። ታሪኩ የዚህ ዓለም አይደለም። ዝናብ በአንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት ውስጥ የሚቆለፍበት አገር ነው። ንግሥቲቱ ስትፈልግ በሩ ይከፈታል፣ ሳትፈልግ ሕዝቡ ሰማይ ሰማይ እያየ ይከርማል። የበሩ ቁልፍ የሚንጠለጠለው ናሪን በምትባል አገልጋይ አንገት ላይ ነው። ናሪን በልጅነቷ ከደረቀ መንደር ተወስዳ ቤተ መንግሥት ያደገች ናት፤ ጠርዙ ነጭ የሆነ አረንጓዴ ሻሽ ታስራለች። አንድ ቀን ያ ቁልፍ፣ ማን እንደሰጠው ሳይታይ፣ የጠላት ንጉሥ እጅ ገባ። እንግዲህ የእኛ ኮሪደር ለሁለት የተከፈለው እዚህ ላይ ነው። ናሪን ከሃዲ ናት ወይስ አይደለችም?

ሐሙስ ጠዋት ገበያው ሳይሟሟቅ ሁሉም ከሱቁ ብቅ ይልና ክርክሩ ይጀመራል። ሰው ደግሞ ያየውን ያጣምማል፤ አንዷ «በአምስተኛው ክፍል ነው ያለቀሰችው» ስትል፣ ሌላዋ «ኧረ በስድስተኛው!» ትላለች። ይህ አንጀቴን ስላሳረረኝ ደብተር ገዛሁ። እያንዳንዱን ክፍል፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ ማን ምን እንዳለ፣ በቅደም ተከተል መጻፍ ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ጭቅጭቁ ሲከር «ደብተሩ ይውጣ!» ይባላል። እኔ አነባለሁ፣ ጉዳዩ ይዘጋል። ደስ ይለኝ እንደነበር አልደብቃችሁም። በዕድሜዬ ሙሉ እኔ ስናገር ሰው ዝም ያለበት ጊዜ ያ ብቻ ነበር።

የናሪን ቀንደኛ ጠላት ዘነበች ናት። ከሱቄ አጠገብ ጥብጣብና ዳንቴል ትሸጣለች፤ በዕድሜ እኩዮች ነን፣ በድምፅ ግን አንገናኝም። የናሪን ጠበቃ ሙኒራ ነበረች። ሙኒራ ገና ሠላሳ አልሞላትም፤ ሱቅ የላትም፣ ከደረጃው ስር የመደዳው ነጋዴዎች በፈቀዱላት አንድ ሜትር ቦታ ላይ ሻሽ ትሸጣለች። ድራማው ሲገን ናሪን የምታስረውን የመሰለ ሻሽ ከየት እንዳመጣች እንጃ፣ አምጥታ «የናሪን ሻሽ» ብላ ሰቀለችው፤ ራሷም ከዚያ ሌላ አታስርም። አራት ሱቆች የምንጋራው መጋዘን በር ከእሷ ጎን ስለሆነ፣ ቁልፉ እሷ ዘንድ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። መጋዘኑ የጋሼ ሽኩር ነው፤ ገበር በጅምላ የሚሸጡ፣ የመደዳው ሽማግሌ ናቸው።

ያ ሐሙስ ግን ክርክር አልነበረም። ዘነበች የእህቷ ልጅ ክርስትና ስለነበር አልመጣችም። እኔ ሰፈር ደግሞ ረቡዕ ማታ መብራት ጠፍቶ ክፍሉ አምልጦኛል። ሙኒራ ከእኔ አምስት እርምጃ ላይ ነበረች፤ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኋትም። «የምትወዳትን ለማዳን ታጣምምብኛለች» ብዬ ጠረጠርኳት። ለዘነበች ደወልኩላትና «በድምፅ ላኪልኝ» አልኳት። ድግሱ መሐል ሆና ስምንት ቁርጥራጭ ድምፅ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሰዓት በኋላ አንደኛውን ጆሮዬን በኢርፎን ደፍኜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ቃል በቃል ገለበጥኩት። ስጽፍ ላለፈ ላገደመው ሁሉ መልሴ «እሺ» ነው። ቀና ያልኩት አንዴ ብቻ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ በብብቷ ካርቶን ይዛ ስትታጠፍ ጀርባዋን አየሁ። መልሼ አቀረቀርኩ።

ዓርብ ጠዋት ዘነበች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«ሰጠችው! በገዛ እጇ! አላልኳችሁም? እባብ!»

«እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ እኮ ናሪንን ከመወለዷ በፊት ነው የጠሏት» አለች ሙኒራ ሻሾቿን እየዘረጋች። «ቁልፉ ሲሰጥ አየን እንጂ፣ እሷ ስትሰጥ ማን አየ?»

«ታዲያ እጁ የማን ነው? የኔ ነው?»

«የእርስዎማ ቢሆን ሳይቀበል መች ይሰጥ ነበር!»

ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። ዘነበችም ሳቀች፣ ግን ፊቷ ቀላ።

«ደግሞስ ትስጠው!» ሙኒራ አልበረደላትም። «መንደሯ በጥም ሲያልቅ ንግሥቲቱ በዝናብ ገላዋን ትታጠብ ነበር። ማነው ከሃዲው?»

«በልታ ጠጥታ ያደገችበትን ቤት የሸጠች፣ ነገ የማንንም ቤት ትሸጣለች» አለች ዘነበች።

ጋሼ ሽኩር በርጩማቸው ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የሴቶች ድራማ አላይም። ግን ያ አማካሪው፣ ያ ጢማሙ ሰውዬ፣ በሦስተኛው ክፍል ላይ ሰም ይዞ ነበር። ሰም ምን ያደርግለታል? እንዲያው ነው የምጠይቀው።»

«ደብተሩ ይውጣ!» አለ ሁሉም።

አወጣሁ። የሐሙሱን ገጽ ገለጥኩና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አነበብኩ፦ «ከዚያም ናሪን ለጠላት ንጉሥ በገዛ እጇ ሰጠችው።»

«በቃ!» አለች ዘነበች እጇን እያጨበጨበች።

ሙኒራ ግን ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። «ቲቸር፣ ረቡዕ መብራት ጠፍቶብሽ የለ? ታዲያ ደብተርሽ በየት በኩል አየው? ደብተርሽ ይዋሻል።»

ለቀልድ ነው ያለችው። ሰዉም ሳቀ። እኔ ግን የሆነ ቦታ ወጋኝ። ደብተሩን ዘግቼ ወደ ሱቄ ገባሁ፣ ክሮቼንም በቀለም ማስተካከል ጀመርኩ፤ ቀድሞውኑ ተስተካክለው ነበር።

አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ከመጋዘኑ የዘነበች ጩኸት መጣ። ወርቅማው ጥብጣብ የለም። ሙሉ ካርቶን ነው፤ የደሴ ደንበኛዋ ለሠርግ ልብስ አዝዞ ቅዳሜ ሊወስድ የሚመጣበት። መጋዘኑ ተገለባበጠ። ካርቶን በካርቶን ተነሳ፣ ተቆጠረ፣ ተመለሰ። የለም።

እናንተዬ፣ እዚህ ኮሪደር አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ሰው ሽንት ቤት ሲሄድ በርጩማ በሩ ላይ አጋድሞ ነበር የሚሄደው። ያን ዕለት ሁሉም መቆለፍ ጀመረ። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ዘወር ብሎ ያያል። ማንም ማንንም አልከሰሰም፣ ግን ሁሉም እጅ እጅ ያያል።

ጋሼ ሽኩር ሰበሰቡን። ሱቁን አብረዋቸው የሚሠሩት ሚስታቸው እትዬ ራድያ ሐሙስ አመሻሽ ላይ የአጎታቸውን ሞት ሰምተው ወደ አገር ቤት ሄደዋል፤ ስልካቸውም አይሠራም። ስለዚህ ብቻቸውን ነበሩ፣ ድካም ይታይባቸዋል።

«ትናንት ከሰዓት ማን ነበር? ቲቸር፣ አንቺ ከዚህች በርጩማ ተነስተሽ አታውቂም። ያየሽው ነገር አለ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ወይም «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት። ግን «ደብተርሽ ይዋሻል» የሚለው ድምፅ ገና ጆሮዬ ላይ ነበር።

«አረንጓዴ ሻሽ» አልኩ። «አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ ካርቶን በብብቷ ይዛ ስትታጠፍ አይቻለሁ። ከጀርባዋ ነው።»

የመጨረሻዋን ቃል ማንም አልሰማትም። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያልኳት።

ዓይን ሁሉ ወደ ደረጃው ዞረ። ሙኒራ እጇ ሻሿ ላይ ሄደ፣ ልትፈታው የፈለገች ይመስል።

«እኔ?» አለች። «እኔ የአስር ሰላት ላይ ነበርኩ! ቁልፉን እንደ ሁልጊዜው ሚስማሩ ላይ ትቼ ነው የሄድኩት። ይሄን ሻሽ ደግሞ ግማሽ መርካቶ አስሮታል!»

«በዚህ ኮሪደር ግን ማን ያስረዋል?» አለች ዘነበች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ከፍ አላለም፣ ያ ነው ያስፈራኝ። «እኔማ እገረም ነበር። ቁልፍ አሳልፎ የሰጠን ሰው እንዲህ ሙጭጭ ብሎ መከላከል ምን ይሉታል እያልኩ።»

«እትዬ ዘነበች፣ እሱ ድራማ ነው!»

«ይሁና።»

ጋሼ ሽኩር እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ ቁልፉን ለጊዜው ለኔ ስጪኝ። ነገ ረፋድ ላይ፣ የደሴው ሰው ሳይመጣ እንነጋገራለን። ካርቶኑ ካልተገኘ ግን… ቦታሽን ለሌላ ሰው ነው የምንሰጠው።» ይህን ሲሉ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

መርካቶ ውስጥ «ሌባ» ተብሎ ከአንድ መደዳ የወጣ ሰው ሌላው መደዳ አይቀበለውም። ሙኒራ ይህን ታውቃለች። እናቷንና ሁለት እህቶቿን የምታስተዳድረው በዚያች አንድ ሜትር ነው። እኔም ይህን አውቃለሁ።

ቀኑ ጁምዓ ነው። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሙኒራ ለሰላት ስትነሳ «ቲቸር፣ ጠብቂልኝ» ብላኝ ነው የምትሄደው። ደንበኛ ከመጣ እሸጥላታለሁ። ያን ዕለት ሻሾቹን በላስቲክ ሸፈነች፣ በገመድ አሰረች፣ ቋጠረች፣ ደግማ ቋጠረች። በፊቴ አለፈች። «ጠብቂልኝ» አላለችኝም።

ያን ከሰዓት ምን ሳደርግ ዋልኩ መሰላችሁ? የደብተሬን የኋላ ገጽ ገልጬ ማስረጃ እጽፋለሁ። «ማክሰኞ፦ ሙኒራ አዲስ ጫማ አድርጋለች። ረቡዕ፦ ሙኒራ ለብቻዋ በስልክ ስታንሾካሹክ። ዓርብ፦ ሙኒራ ከሁሉ ቀድማ መጣች።» በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በቁጥር አድርጌ። አንዱም ሐሰት አልነበረም። ሰው ጫማ ይገዛል፣ በስልክ ያወራል፣ ማልዶ ይመጣል። እኔ ግን ተራ በተራ ስደረድራቸው ሌባ ሆነው ቁጭ አሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጋዘኑ በር ላይ ቆመናል። ሙኒራ ያንኑ ሻሽ አስራ መጥታለች። ሻሹን እንዳትለውጥ ያደረጋት እልህ ይሁን ንጽሕና ሳሰላስል ነበር፤ በወቅቱ ለእልህ ነው ያደላሁት።

«የምትዪው ነገር አለሽ?» አሉ ጋሼ ሽኩር።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «ደብተሩ ይውጣ።»

«ምን?»

«በናሪንም በእኔም ላይ የፈረዳችሁት በቲቸር ቃል ነው። የሐሙሱ ገጽ ይነበብልኝ። መጨረሻው ብቻ ሳይሆን ከላይ ጀምሮ። ከመሄዴ በፊት ናሪን በየት በኩል ከሃዲ እንደሆነች ልስማ።»

«ይቺ ልጅ አበደች እንዴ?» አለች ዘነበች።

«ይነበብላት» አሉ ጋሼ ሽኩር።

ሰው ፊት ሳነብ ዓይኔ ከአፌ አንድ መስመር ይቀድማል። ዘግይቼ ስለተማርኩ እንዳልደናቀፍ ያወጣሁት ዘዴ ነው። መነጽሬን አድርጌ ጀመርኩ። «ናሪን በሌሊት ተነሳች። በአዳራሹ ውስጥ ማንም የለም። ወደ ዝናቡ በር ቀረበች። ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች…»

ዓይኔ ቀጣዩ መስመር ላይ ደረሰ። ጣቴ መስመሩ ላይ ቀረ።

እስክተነፍስ ድረስ ያለችው ጊዜ በሕይወቴ ረጅሟ ናት። ዘልዬው ማለፍ እችል ነበር። ጽሑፌን ከእኔ በቀር የሚያየው የለም፤ ደብተሩም የኔ፣ ድምፁም የኔ ነው። ባልፈው ቲቸር እንደሆንኩ እኖራለሁ፣ ሙኒራ ሻሿን ጠቅልላ ትሄዳለች። ቀና ስል እያየችኝ ነበር። የተለማመጠችኝ እንዳይመስላችሁ፤ ልክ እንደ ተማሪ ነው የምትጠብቀው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ።

አነበብኩት።

«…ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች። የኔ ልጅ፣ ሰው ተቀምጦብኝ ነው፣ ወርቅማውን ካርቶን ወስጃለሁ፣ በሌላ እተካለሁ፣ ለዘነበች ንገሪልኝ። ከዚያም ናሪን ለጠላት ንጉሥ በገዛ እጇ ሰጠችው።»

በዝናብ ቤት አገር ካርቶን የለም። ዘነበች የምትባል ሴትም የለችም።

መርካቶን ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ነጋዴ ለደንበኛ «የለም» አይልም። «ቁጭ በል» ይለዋል፣ ከጎረቤት ሮጦ ያመጣለታል፣ ኋላ ይተካል። «ሰው ተቀምጦብኛል» ማለት ይህ ነው። የወሰደ ሰው ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለባለቤቱ መናገር፣ ባለቤቱ ከሌለ ለጎረቤቱ። ጎረቤቷ እኔ ነበርኩ። ባልደፈንኩት ጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ «እሺ» ብያለሁ፣ እጄም የመምህሩን «መስኮቱን ዝጊው» እንደጻፈ ሁሉ አንድም ሳያጓድል ጽፎታል።

«"የኔ ልጅ" የምትልሽ ማናት?» አሉ ጋሼ ሽኩር ቀስ ብለው። መልሱን ግን ከኔ ቀድመው አግኝተውት ስልካቸውን አውጥተዋል። ሁለቴ ሞከሩ። በሦስተኛው ጠራ።

«ራድያ! የዘነበችን ካርቶን ወስደሻል እንዴ?»

የእትዬ ራድያ ድምፅ ከነነፋሱ ኮሪደሩን ሞላው። «ለቲቸር ነግሬያት እኮ ነው! "እሺ" ብላኛለች። አንተ ሰላት ላይ ነህ፣ ሰው ተቀምጦብኛል፣ እሱን ሸኝቼ ሳልጨርስ የአጎቴ ነገር ተደወለልኝ። ጭንቅላቴ ዞሮ ለአንተም ሳልነግርህ ሄድኩ። ኧረ ተወኝ፣ ሙኒራ ለዒድ የሰጠችኝን አረንጓዴ ሻሽ ያን ዕለት ገና አውጥቼ እንዳሰርኩ ለቅሶ ቤት ገብቼ አገር ጉድ አለ!»

ዘነበች ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። «በስመ አብ» አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጋሼ ሽኩር ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና በሁለት እጃቸው ለሙኒራ ዘረጉላት። አልተቀበለቻቸውም።

«ሚስማሩ ላይ ይስቀሉት፣ ጋሼ» አለች። ሄዳ ሻሾቿን መዘርጋት ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ስንት መጽሐፍ ውስጥ አንብቤዋለሁ፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ተሰባበረ። እስክጨርስ ሰማችኝና ስልኳን አወጣች። «ነይ፣ እይው» አለች። ያመለጠኝን ክፍል ከፍታ ያቺን ቦታ አሳየችኝ። ጨለማ አዳራሽ፣ ትልቅ በር፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት ጀርባ፣ ቁልፍ የያዘ እጅ። በቃ። ፊት የለም።

«ጀርባ ነው» አልኩ።

«ጀርባ ነው። እትዬ ዘነበችም ያየችው ጀርባ ነው፣ እኔም ያየሁት ጀርባ ነው። እሷ ጠላቻት፣ እኔ ወደድኳት። አንቺ ግን፣ ቲቸር፣ ምንም ሳታዪ ጻፍሽ።»

በሁለተኛው ሳምንት ሙኒራ ሰባተኛ ወደሚባለው የመርካቶ ሰፈር ሄደች። ማንም አላባረራትም፤ ጋሼ ሽኩር ራሳቸው ለምነዋታል። «ስሜ ነጽቷል፣ ዓይናችሁ ግን ገና ነው» አለቻቸው። እውነቷን ነው። እኔ ራሴ የካርቶኑ ነገር ከታወቀም በኋላ ጫማዋን ሳየው ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ሰውን የጎዳሁት በሐሜት ወይም በውሸት ቢሆን ኖሮ አልጽፍላችሁም ነበር፤ ያንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ሰውን የጎዳሁት በጥንቃቄዬ ነው። ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነገር ሁሉ የታየ ይመስላል። አሁን ደብተሬ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ነው፤ በቀኝ ያየሁት፣ በግራ የነገሩኝ። መጀመሪያ ሳሰምረው የቀኙ እንደሚሞላ እርግጠኛ ነበርኩ። ገጽ በገጽ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የናሪንን መጨረሻ ግን አልነግራችሁም፣ ያላየ ይኖራል።

ጁምዓ ጁምዓ ሱቄን ለዘነበች ትቼ ወደ ሰባተኛ እወርዳለሁ፤ ሙኒራ ሰላት ደርሳ እስክትመለስ ቦታዋን ልጠብቅላት። ሂጂ ያለኝ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጁምዓዎች እኔ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሻሾቹን በላስቲክ ሸፍና፣ በገመድ ሁለቴ ቋጥራ ነው የሄደችው። አልከፋኝም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሳላነብ፣ ሳልጽፍ፣ አላፊ አግዳሚውን ፊት ለፊቱን ሳይ እቆያለሁ።

ባለፈው ጁምዓ አዛኑ ሲሰማ ተነሳች። ላስቲኩን አነሳች፣ አየችው፣ አጥፋ መልሳ አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ ጠብቂልኝ» ብላ ወጣች።

ገመዱ እዚያም ሚስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር።